እስከ ጉሬዛ የተቆጠረ ዘር

መቱ ላይ የያዙኝ ከገበያ ስመለስ ነው። ቀኝ እጄን ለሰንሰለት ስሰጥ ሌላው ጫፍ ከዘበኛ ጋር የሚታሰር መስሎኝ ነበር። የታሰረው ግን ከከሳሼ ግራ እጅ ጋር ነው። ያኔ ደንቡ እንዲህ ነበር፤ ዳኛው ነገሩን እስኪሰሙ ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ ቁራኛ ሆነው ይቆያሉ። አንዲት ሳር ክዳን ቤት ውስጥ ከተቱን። ወለሉ ረጥቧል፤ የበሰበሰ ጭድና የሽንት ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ያሳሰረኝ ምላሴ ነው። ለአንድ ፈረንጅ አስተርጓሚም ቆዳ ገፋፊም ነበርሁ። ሰውየው ከቡሬ እስከ ዳሪሙ ጫካ ለጫካ እየዞረ የወፍና የአውሬ ቆዳ ይሰበስባል። ጥርሱን ይለካል፣ ጣቱን ይመረምራል፣ የሚመሳሰለውን አንድ ላይ ይደረድራል። ጉሬዛውን ከጦጣው አጠገብ አጋድሞ፣ «እነዚህ ያንድ አያት ልጆች ናቸው፤ ከብዙ ዘመን በፊት ተለያዩ። እኛም ወደ ኋላ ብንቆጥር እዚያው እንደርሳለን» ይለኝ ነበር። እኔ ሞኙ አንድ ድግስ ላይ፣ ሰው ሁሉ ዘሩን እየቆጠረ ሲኩራራ፣ ጠጁ ሞቅ አድርጎኝ፣ «ሰባት ቤት ላይ ለምን ታቆማላችሁ? ብትገፉበት ሁላችንም ጉሬዛ ጋ እንገናኛለን» አልሁ። ሁሉም ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም። በማግስቱ «አገረ ገዢያችንን የጉሬዛ ዘመድ አደረጋቸው» ብለው ከሰሱኝ። ቅጣቱ ጅራፍ ነው፤ ከዚያ ጅራፍ ሥር ያልተነሱ ሰዎች አውቃለሁ። ፈረንጁ በጋምቤላ በኩል ወደ አገሩ ሄዷል።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዋሉ። ምግብ ሲመጣ ጉሬዛ የገፈፈ እጅ ከሳቸው ጋር አይቀርብም ብለው ለብቻቸው በሉ። እኔ በቀኜ ስጎርስ ግን የሳቸው ግራ እጅ አብሮ ወደ አፌ ይመጣል። ደጅ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር በሩን አያለሁ።

አመሻሽ ላይ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያባትህ አገር ወዴት ነው?»

«መንዝ ነው፣ ጋሼ።»

«የማን ልጅ?»

አያቶቼን ጠራሁላቸው። እሳቸውም የራሳቸውን ጀመሩ። አምስተኛው ቤት ላይ ሁለታችንም አንድ ሰው ጠራን። ሽማግሌው ድንገት ቀና ሲሉ ሰንሰለቱ ተንቀጫቀጨ።

«ይኸን ለዳኛው እንዳትናገር» አሉኝ። «ያንተ ዘር ጉሬዛ ከሆነ የኔም ሆነ ማለት ነው። ያገር መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?»

«እርስዎስ ሊያስገርፉኝ አይደለም?»

ፊታቸውን መልሰው ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተናድጄ ነበር፤ ፍርሃቴ ግን ከንዴቴ ይበልጥ ነበር።

ጠዋት ዘበኛው በኦሮምኛም በአማርኛም «ካኣ! ተነሱ!» ብሎ በሩን ከፈተ። ከነሰንሰለታችን ወጣን። ዳኛው ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። ድግሱ ላይ የነበሩት ሁሉ አልሰማንም ብለው ነበርና ነገሩ በኔ መሐላ ላይ ወደቀ።

«አላልሁም ብለህ ማል፤ ትለቀቃለህ» አሉኝ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ ብያለሁ። በሐሰት አልምልም። የአገረ ገዢውን ስም ግን አልጠራሁም።»

ዳኛው ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «ጠርቷል?»

ሽማግሌው የታሰረ እጃችንን አዩ። «አልጠራም» አሉ በመጨረሻ። «የራሱን ወገን ነው የቆጠረ። እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ።»

የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈነዳ። ዳኛው አልሳቁም። በሐሰት የከሰሰ የተከሳሹን ቅጣት ይቀበል አሉና ጅራፉ ለሽማግሌው ሆነ። ዘበኛው ሰንሰለቱን ሊፈታልኝ ሲመጣ እጄን አልሰጠሁትም። «ሲያበቃ ትፈታኛለህ» አልሁት። አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ጅራፉ ባረፈ ቁጥር እጄን ጨበጥ ያደርጉ ነበር።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ስለ ጉሬዛው ፈረንጁ እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም። ሽማግሌው ከዓመታት በኋላ ሲሞቱ ግን ለቅሶ የተቀመጥሁት ከልጆቻቸው ጋር ነው፤ ምንህ ናቸው ብሎ የጠየቀኝ የለም።