ቤቱን ከነውሩ የሚያሳየው ደላላ

የቤት ደላላ ሁሉ ገዢ ይዞ ሲገባ ከሳሎኑ ይጀምራል። መስኮት ይከፍታል፣ ብርሃኑን ያሞግሳል፣ «ጎረቤቶቹማ ወርቅ ናቸው!» ይላል። እሱ ግን ገና የውጭውን በር እንዳለፈ ሻጩን «እሺ፣ ነውሩ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያፈስ ጣሪያ ካለ ገዢውን መጀመሪያ እዚያ ሥር ይገትረዋል። ሰፈሩም «አቶ ነውሩ» የሚል ስም አወጣለት፤ ሲጠሩት ሳይከፋው «አቤት!» ይል ነበር።

እቤቱም ያው ነው። ሚስቱን ሊጠይቅ እናቷ ፊት የቀረበ ዕለት «እማማ፣ አንኮራፋለሁ፤ ስናደድም ሁለት ቀን አልናገርም» አለ። እናትየው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ እሷም «ይሄስ የሚደብቀው የለውም» ብላ ልቧን ሰጠችው። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ለትልቋ ልጁ ጠያቂ ሲመጣ፣ ወጣቱን አስቀምጦ «ልጄ ጠዋት በመድፍም አትነሣ፤ ስትቆጣ በር ትደረግማለች። አስበህበት ተመለስ» አለው።

ልጅቷ ከጓዳ ሆና «አባዬ! እየሸጥከኝ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች።

«አይደለም፤ እንዳትመለሺብኝ ነው!»

ከሞተ ወዲህ ይህን እያነሣ የማይስቅ የለም። ሚስቱ ግን እሱን ስታስብ ቀድሞ ድቅን የሚልባት የታናሽ ወንድሟ ቤት ለገዢ የታየበት ቀን ነው።

ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሚስትና ልጆቹን አስቀድሞ ልኳል፤ እሱ ቤቱ እስኪሸጥ ብቻውን ቀርቷል። በዋዜማው አስጠርቷት የኋላውን መኝታ ቤት አሳያት። ግድግዳው ከጣሪያው ሥር እስከ ወለሉ ተተርትሯል፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ከመሠረቱ ሥር አፈሩ እየሸሸ ነው። ወንድሟ ትልቁን ቁም ሣጥን እየገፋ ወስዶ ከደነበት።

«ነገ ባልሽ ገዢ ይዞ ሲመጣ አንቺም ነይ፣ እትዬ። አንቺ ካለሽ ጋሼ በየጥጉ አይፈተፍትም።»

«ቢደርስበትስ?»

«አንቺ ካልነገርሽው ማን ይነግረዋል? ልጆቼ መልኬን ሊረሱት ነው! በእናታችን አፅም ይዤሻለሁ።»

በእናት አፅም ከተያዙ ወዲያ ምን መላ አለ? ራሷን ነቀነቀች። ያን ዕለት እራት አቀረበች፤ ከባሏ ጋር ከአንድ ሳህን ሲበሉ ዓይኑን አላየችም።

በማግሥቱ ገዢዎቹ መጡ፤ ባልና ሚስት፣ ሚስትየዋ ሕፃን ልጇን ታቅፋለች።

«እሺ፣ ነውሩ የት ነው?» አለ ደላላው፣ እንደ ልማዱ።

«ጋሼ ደግሞ! በዘመድ ቤትም? ቤቱ እኮ እንደ እንቁላል ነው» አለ ወንድምየው።

«እንቁላልም እኮ ይገማል።»

ሁሉም ሳቁ። እሷ ለመሳቅ ከንፈሯን ብትከፍት ጥርሷ ደርቋል። ኩሽናውን አዩ፣ ሳሎኑን አዩ። በመጨረሻ የኋላው መኝታ ቤት ደረሱ።

«ይሄ ለልጃችን ነው!» አለች እናትየው። «አልጋዋን እዚህ ጋ እናስጠጋለን። ቁም ሣጥኑ ይነሣል አይደል?»

«ምን በወጣው ይነሣል? ትቼላችኋለሁ፤ ስጦታዬ ነው!» አለ ወንድሟ ፈጠን ብሎ።

ባሏ ቁም ሣጥኑን አየ። አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄደና ቆመ። ዞሮ ሚስቱን አያት፤ ፈገግ አለ። ከዚያ በደላላነት ዘመኑ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ተናገረ።

«ይሄ የሚስቴ ወንድም ነው፤ እሷ ናት ያሳደገችው። ነውር የለውም ካለ የለውም። እኔ ምስክር ነኝ።»

ክፍሉ ጠበባት። አንድ ቃል ብትተነፍስ ወንድሟን ታጣለች፤ ዝም ብትል ያቺ ሕፃን ከዚያ ግድግዳ ሥር ትተኛለች፣ በባሏ ምስክርነት። ሕፃኗ አዛጋች።

«ቁም ሣጥኑን አንሡት» አለች።

«እትዬ!»

«አንሡት አልኩ!»

ባሏ ማንንም አልጠየቀም። ትከሻውን ሰጥቶ ብቻውን ገፋው። ስንጥቁ ብቅ ሲል ፊቱ አመድ መሰለ። እናትየው ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወጣች፤ የሕፃኗም አባት ተከተላት።

ወንድሟ በሩን ይዞ «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አለ።

መንገድ ላይ ባሏ ከፊት ከፊት ሄደ። «መቼ አወቅሽ?» አለ ሳይዞር።

«ትናንት።»

«እራት ስንበላ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

ሁለት ቀን አልተናገረም። በሦስተኛው «አንቺን ምን እላለሁ? ሳላይ የመሰከርኩት እኔ» አለና ልብሱን ለብሶ ወጣ። አንድ ግንበኛ ይዞ ወንድሟ በር ላይ ቆመ።

«ገዢ ነው። ነውሩን ነግሬው ነው የመጣው፤ ክፈት!»

ግንበኛው ስንጥቁን በመዳፉ ዳበሰና «በሽታውን አውቀዋለሁ፤ እኔ አድነዋለሁ፣ ዋጋውን ግን ታወርዳለህ» አለ። ቤቱ በርካሽ ሄደ። ሊሸኙት ሲወጡ ወንድምየው ለባሏ «ደህና ሁን፣ ጋሼ» ብሎ፣ እሷን እንደ በር መቃን አልፏት አውቶቡስ ላይ ወጣ።

ባሏ በዚህ ነገሩን አልተወውም። ባገኘው አጋጣሚ ይደውልለታል፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆች ያወራና በመሃል፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እህትህም ደህና ናት» ይላል። በዚያኛው በኩል ሁሌም ዝምታ ነው። እሷ አጠገቡ ቆማ ያንን ዝምታ ስታዳምጥ ዓመታት አለፉ።

አንድ ንጋት ባሏ እንደተኛ ቀረ። ልጆቿ ገና አልደረሱም፤ ጎረቤትም አልሰማም። የባሏን ስልክ አንሥታ ደወለች።

«ጋሼ! ምነው በጠዋት?» አለ ወንድሟ እየሳቀ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ይዘጋዋል ብላ ጠበቀች። አልዘጋም።

«ማን አለ አጠገብሽ?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ማንም።»

«በይ ስልኩን እንዳትዘጊው። ጫማዬን እያደረግሁ ነው፤ አውሪኝ፣ ዝም እንዳትይ፣ መጣሁ።»