ለመርፌ ዋስ የጠየቁት ሰው

ማሾ የሚለቀምበት ወር ነበር። በቀወት ቆላ ጥቅምት ሲገባ የቀኑ ሙቀት ባይለቅም፣ ጧት ጧት ከጣርማ በር በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይወርድና የማሽላውን ራስ እያወዛወዘ ያልፋል። ያን ጊዜ የሰው ሆድ ይረካል፤ እሸቱ ደርሷል፣ ወንዙ ጠርቷል፣ ማማ ላይ ወጥተው ወፍ የሚጠብቁት ሲጣሩ ድምፃቸው እስከ አስፋልቱ ይሰማል። የዘጠና ዘጠኙ ጥቅምት ግን ደስታው ጎዶሎ ነበር። ከወንዝ ማዶ ትክትክ ገብቷል ተባለ። ያ ሳል ሕፃን ልጅ ላይ ከወጣ ትንፋሹን ይወስደዋል፤ ልጁ ይጠቁራል፤ እናት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ከማየት በቀር የምታደርገው አይኖራትም።

ሐና ይህን በዓይኗ አይታለች። ባሏ መተሐራ ሸንኮራ አገዳ ቆረጣ ላይ ሳለ የበኩር ልጇን በትክትክ ቀብራ ነው ወደ አባቷ ቤት የመጣችው። አሁን ደግሞ ሁለተኛው፣ ኤርሚያስ፣ ገና ጡት ላይ ነው። የቀበሌው ሰው በሚሰበሰብበት ዋርካ ሥር ክትባት ይሰጣል ሲባል ነጠላዋን አንስታ አባቷ ፊት ቆመች።

አባቷ ጋሼ ወልደማርያም ናቸው። የሚካኤልን ማኅበር በሙሴነት የሚመሩ፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። ሰው በሬ ሲሸጥ፣ ድንበር ሲካለል፣ የተጣላ ሲታረቅ እሳቸው ሳይኖሩ አይሆንም። «ያለ ዋስ የተደረገ ነገር ያልተደረገ ነው» ይላሉ፤ ፍየል እንኳ ያለ ዋስ ገዝተው አያውቁም።

«አባዬ፣ ልጁን ላስከትብ ነው» አለች ሐና።

«ዋርካው ሥር?»

«አዎ።»

«ዋርካው ሥር የተሰጠኝን አልረሳሁም።»

ያልረሱት የሰማንያ ዘጠኙን ነው። ያን ጊዜ የቀበሌው ሰዎች ለሕፃናት ክትባት ተሰብሰቡ ብለው አስጠሩ። እናቶች ልጃቸውን አዝለው፣ አባቶች በትራቸውን ይዘው ወጡ። መርፌም አልመጣ፣ ሐኪምም አልመጣ። ስለ መሬት ክፍፍል ተነገረ። ጋሼ ወልደማርያም በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ላይ ተቀምጠው ስለነበር «ቢሮክራት» ተባሉ፤ ከወንዙ ዳር ያለው፣ ከአያታቸው የወረደው መሬት ለሌላ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መንግሥት ስለሚለው ነገር ሁሉ አንድ ንግግር ብቻ ነበራቸው፦ «ክትባት ብለው ጠርተው መሬቴን ወሰዱ።» መታወቂያ ላይ ብሔር ሲጻፍም አልወደዱም። «ከጎረቤቴ ከቃሲም ጋር አንድ ውሃ ስንጠጣ ኖረን፣ ዛሬ ማን ምን እንደሆነ ወረቀት ይንገረኝ?» ይሉ ነበር። አዲስ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ያመጣውን ሰው ነው።

«በሬውን ግን አስወግተውታል!» አለች ሐና፤ ዓይኗ እንባ ቋጥሯል።

«የበሬውን ሐኪም አሰፋን አውቀዋለሁ። ወግቶ አይጠፋም። ተመልሶ መጥቶ ‹ቦራ ሣር በላ ወይ?› ብሎ ይጠይቃል።»

«እንግዲያ እኔም በሬ ሆኜ በተወለድኩ!»

ሐና ሰርቃ ልታስከትብ ትችል ነበር፤ ቤተሰብ ውስጥ ተደብቆ የተደረገ ነገር ግን ልጁ ቢታመም ማን አለኝ ያሰኛል። ቀረች። እሳቸውም ያን ቀን ማሾ ለቀማ አልወጡም፤ የልጁን ትንፋሽ እያዳመጡ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ዋሉ።

በማግስቱ ክትባቱ ራሱ ቤት መጣ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤተልሔም የመድኃኒቱን ሳጥን በትከሻዋ አንግታ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጌታቸው ከፊት ከፊት እየመራ። ሊቀ መንበሩን ሲያዩ የጋሼ ወልደማርያም ፊት ጠቆረ። ለልጅቷ ግን መቀመጫ ሰጧት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የደብረ ሲና ልጅ ነኝ ጋሼ። አባቴ መምህር በቀለ ይባላል።»

«ደግ። እንግዲያ ዋስ ጥሪ።»

«የምን ዋስ?»

«ልጁ አንድ ነገር ቢሆን የምይዘው ሰው ነዋ። አንቺ እንግዳ ነሽ፤ ነገ ብትነሺ የት አገኝሻለሁ?»

ጌታቸው ጣልቃ ገባ፦ «ዋሷ መንግሥት ነው!»

«መንግሥትማ ባለጉዳይ ነው። ባለጉዳይ ለራሱ ዋስ ሲሆን የት አይተሃል?»

«ይህ የፀረ ልማት አነጋገር ነው፣ ጋሼ ወልደማርያም። ከምርጫው ወዲህ አቋምዎን እናውቀዋለን።»

«እናንተ ሳትመጡም ዋስ ነበረ፤ ስትሄዱም ይኖራል።»

ይህ ሁሉ ሲባል ጋሽ ቃሲም ከማሾው እርሻ መጥተው አጥሩን ተደግፈው ይሰሙ ኖሯል። የሁለቱ መሬት ይዋሰናል፤ በወንፈል ሲተራረሱ ነው ያረጁት።

«እኔ ዋሷ ነኝ» አሉ ጋሽ ቃሲም።

«አንተ ምኗን ታውቃለህ?»

«ልጄ ዓሊያ ወልዳ ስትጨነቅ የደረሰችላት ይህችው ናት። የዓሊያንም ልጅ ወግታዋለች፤ አልሐምዱሊላህ ይሄው ይቦርቃል። ካላመንከኝ በሬዬን ያዝ።»

«ያንተን በሬ ይዤ ምን ልሠራው? ቀንበር ሲያይ የሚተኛ!»

ሐና ሳቀች፤ ቤተልሔምም ሳቀች። ጋሼ ወልደማርያም የወዳጃቸውን እጅ መቱ፤ ዋስትናው ጸና። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩና «ሕመም አያመጣበትም?» አሉ።

ቤተልሔም ሊቀ መንበሩን ቀና ብላ አየች። «ምንም አይሆንም» አለች። ኤርሚያስ ጭኑ ላይ ተወጋ፤ አለቀሰ፤ ጡት ሲሰጠው ዝም አለ።

ያደረው ደህና ነበር። ረፋዱ ላይ ግን ገላው እንደ ምጣድ ጋለ፤ ጭኑ አበጠ፤ ሲነኩት ይጮሃል። ሐና የበኩር ልጇ ፊት ተደቀነባት። ጋሼ ወልደማርያም ጋቢያቸውን ለብሰው ጋሽ ቃሲም ቤት ሄዱ፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ከወዳጃቸው ፎጣ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። በድሮው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት።

«ቁራኛ በዚህ ዘመን፣ ያ ወልዴ?»

«ዋስ አይደለህ? ውለድ።»

ጋሽ ቃሲም አልተቆጡም። ሁለት ሽማግሌዎች እንደ በሬ ተጠምደው በመንደሩ መሃል ወደ ጤና ኬላው ሲሄዱ ያየ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው አማተበ። መንገድ ላይ ጋሽ ቃሲም «ቀስ በል፣ ፎጣዬ አዲስ ነው» ይሉ ነበር፤ ራሳቸው ግን እርምጃቸውን አላዘገዩም። ልጁ አንድ ነገር ቢሆን የሚጠፋው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ያን ሁሉ ዘመን የቆየው ወዳጅነታቸውም አብሮ ነው።

ቤተልሔም ቋጠሮውን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች። የሆነውን ሲነግሯት የትኩሳት ሽሮፕ ይዛ ቀድማቸው ወጣች፤ እነሱም እንደተቋጠሩ ተከተሏት። ቤት ስትደርስ ልጁን አገላብጣ አየችው፤ ልብሱን አቀለለችለት፤ መድኃኒቱን ለክታ ሰጠችው፤ ጡት እንዳትነሺው አለቻት እናቱን። ከዚያ አልሄደችም። መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ መርፌው እንዲህ ማተኮሱ ያለ ነው» አለች ቆይታ። «አንድ ሁለት ቀን ነው፣ ይለቀዋል። አውቅ ነበር።»

«ታውቂ ነበር?»

«ለወላጆቹ ከነገርኳቸው ይሸሻሉ ብዬ ፈራሁ። ሊቀ መንበሩም እንዳታስፈራሪ ብለውኛል።»

ሐና ቀና ብላ አየቻት። ጋሼ ወልደማርያም ጺማቸውን እያሹ ተናገሩ።

«ልጄ፣ የከፋኝ ትኩሳቱ አይደለም። ትኩሳት አውቃለሁ። ዋርካው ሥር ያቃጠለኝም መሬቱ ብቻ አልነበረም፤ ሌላ ብለው ጠርተው ሌላ ማድረጋቸው ነው። ያተኩሳል ብትዪኝ ኖሮ ማታውን ውሃ አቅርቤ እጠብቀው ነበር።»

ቤተልሔም አለቀሰች። ጋሽ ቃሲም «በቃ፣ በቃ፣ እውነቱን ተናገረች» አሉ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ልጁ አላበው፤ ገላው በረደ፤ እንቅልፍ ወሰደው። ጋሼ ወልደማርያም እጃቸውን ግንባሩ ላይ አሳርፈው ቆዩና ቋጠሮውን ፈቱት። ከዚያ ሁሉም ሽሮ በአንድ ትሪ ቀርቦላቸው በሉ።

ለሁለተኛው መርፌ ዋርካው ሥር ቀድመው የተገኙት ጋሼ ወልደማርያም ናቸው። ከሰማንያ ዘጠኙ ወዲህ ዋርካው ሥር ሲቆሙ ያን ቀን ነው የታዩት። ለመጣችው እናት ሁሉ «ያተኩሳል፤ ጭኑም ያብጣል፤ አትደንግጪ፣ ጡቱን አትንሺው፤ ካልተወው ልጅቷን ጥሪያት» ይሏታል። «ዋሷ ማን ነው?» ላላቸው «እኔ» ይላሉ። ሊቀ መንበሩ ይህን ሰምቶ በስብሰባ ላይ ሊያመሰግናቸው ፈለገ፤ አርአያ አርሶ አደር ሊላቸው።

«ተወኝ ጌታቸው» አሉት። «እኔ ዋስ የሆንኩት ለልጅቷ ነው። ለእናንተማ መሬቴን ስትመልሱ እናወራለን።»

መሬቱ አልተመለሰም። እሳቸውም ስለ መንግሥት ያላቸውን ሐሳብ አልለወጡም፤ እስከ መጨረሻው ሲናገሩ ኖሩ። ትክትኩ ግን ያን በጋ ወንዙን ተሻገረ፤ የአንዳንዱን ቤት ደጅ በለቅሶ ሞላው። ኤርሚያስ ሦስቱንም ዙር ተወግቶ ነበር፤ አላሳለም።

ቤተልሔም በዝውውር ወደ ደብረ ብርሃን ሄደች። ጋሽ ቃሲም ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ፤ ጋሼ ወልደማርያም በቀብሩ ላይ ያንን ጋቢ ለብሰው፣ ከመስጊዱ አጥር ውጪ ቆመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሾ ሲለቀም ብቻቸውን ማየት ለሰውም ይከብድ ነበር። ሐና ወደ ባሏ ስትመለስ ይዛቸው ሄደች። በሁለት ሺህ አምስት ፋሲካ መተሐራ፣ ሐና ቤት ነበሩ። ኤርሚያስ ትምህርት ቤት ገብቷል ብለው ሰላምታ ልከዋል። ከዚያ በኋላ ወሬያቸው አልተሰማም።