ሰሌዳ ላይ ያልሣልኩት ሴል

ካርቱም ከመምጣቴ በፊት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ ስላልነበረው ሴልን ለሰባት ዓመት ያስተማርኩት በጠመኔ ነው። ትልቅ ክብ እሠራለሁ፤ ሽፋኑ ነው፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ይመርጣል። መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ፤ ኒውክለስ ነው፣ ሴሉ ምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚከፈል ትእዛዝ የሚወጣበት። በቀረው ቦታ ኃይል የሚያመነጩትን ማይቶኮንድሪያዎች እበትናለሁ። የእውነት ሴል ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ካርቱም ስመጣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ከታናሽ እህቴ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ አርካዊት በሚባል ሰፈር ቤት እቀባለሁ፣ እሷ ካፉሪ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። በአንድ የበጋ ወቅት ደረጃ መውጣት ያቅታት ጀመር። ቀጥሎ ክንዷ ምንም ሳይነካት ይበልዛል።

"ምን ሆነሽ ነው?" ስላት፣

"ሙቀቱ ነው፣ ወንድም ጋሼ፤ ያልፋል ኢንሻአላህ" ትለኛለች።

አንድ ጠዋት ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ደምቶ ደሙ አልቆም ሲል ክሊኒክ ወሰድኳት።

ደሟን የመረመሩት የላቦራቶሪ ባለሙያ ሽማግሌ ሱዳናዊ ነበሩ። እህቴን ውጭ አስቀምጠው ብቻዬን አስገቡኝ። አገርህ ምን ትሠራ ነበር ሲሉኝ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ተዓል፣ ያ ኡስታዝ" ብለው ማይክሮስኮፑ ፊት ያለውን ወንበራቸውን ለቀቁልኝ፤ ና፣ መምህር ማለታቸው ነው።

ዓይኔን ሳስጠጋ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የማፍርበት ደስታ ነው። ሴሎቹ ሐምራዊ ቀለም ተነክረው ያምሩ ነበር። ከዚያ ነው ማየት የጀመርኩት። ኒውክለሳቸው አብጦ ሴሉን ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ቀያዮቹ የደም ሴሎች እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ናቸው።

"እነዚህ ነጮቹ ናቸው?"

"ነጮቹ ናቸው፤ ግን አልበሰሉም" አሉኝ። "መከላከል አይችሉም። የሚያውቁት መከፈል ብቻ ነው፤ ለሌሎቹም ቦታ አይተዉም። የደም ካንሰር ነው።"

ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የተሰጠኝን የውጤት ወረቀት ገልብጬ ክቦቹን እየሣልኩ ሁሉንም ነገርኳት። እንደ ጎበዝ ተማሪ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

"እሺ፣ ገባኝ" አለች። "ታዲያ እንዴት ነው የሚያቆሙት?"

"ሐኪሙ ይነግረናል።"

"አንተ አታውቀውም?"

"አላውቅም" አልኳት።

የክሊኒኩ ሐኪም መድኃኒቱ እዚህ እንደማይገኝ ነግሮን አገሯ እንድትገባ መከረ። የእኔ ኢቃማ ጊዜው አልፎ ስለነበር፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ወጥቼ መመለስ አልችልም። አብሯት የበረረችው ጎረቤታችን ናት። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሻርፗን አስተካከልኩላት። ሌላ ላደርግላት የምችለው ነገር አልነበረም።

በሄደች በአምስተኛው ሳምንት እናታችን ደወለች። ስልኩን ሳነሳ የሰማሁት ለቅሶዋን ነው።

የት እንደምሄድ ስላላወቅኩ ሥራ ገባሁ። አሠሪዬ ፊቴን አይቶ "ማለክ?" አለኝ፤ ምን ሆነሃል? ስንት ዓመት የተናገርኩት ዐረብኛ ጠፍቶኝ "እህቴ ሞተች" አልኩት፣ በአማርኛ። ብሩሹን ይዤ ቆምኩ።