የፈይሩዝ አራተኛ መስመር

ከሚሴ ውስጥ ከፈይሩዝ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አላውቅም። እኔ ራሴ፣ ሪሀና የሒሳብ መምህርቷ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ የመምህራን ክፍል አብሬያት ተቀምጬ አንድ ቀን እንኳ አልተሳካልኝም። ከባጃጅ ሹፌር ጋር በሒሳብ ትከራከራለች፤ ከርዕሰ መምህሩ ጋር በክፍለ ጊዜ ድልድል ትከራከራለች። ከእኔ ጋር የምትጣላው በመስኮት ነው። እኔ አቧራ ገባ ብዬ እዘጋለሁ፣ እሷ ታፈንኩ ብላ ትከፍታለች። መስኮቱ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

የምታስተምረው እንግሊዝኛ ነው። በየዓመቱ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ግስ ትሰጣለች፤ ለ«ዊን»። ቃሉን በሰሌዳው መሐል ትጽፍና ታከብበታለች፤ ከክቡ አራት መስመር ታወጣለች። በአንዱ ጫፍ ጨዋታ፣ በሁለተኛው ሽልማት፣ በሦስተኛው የፍርድ ቤት ክርክር፣ በአራተኛው የሰው ልብ ትጽፋለች። «እኛ ተጋጣሚን እናሸንፋለን፣ ዕጣ ይደርሰናል፣ በችሎት እንረታለን፣ ልብ እንማርካለን። እንግሊዞች ግን ለአራቱም ያላቸው አንድ ቃል ነው። እዘኑላቸው!» ትላለች፤ ክፍሉ ይስቃል።

ከዚያ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ትላቸዋለች። ግማሹ ተማሪ በአማርኛ እንደለመደው «አብደላን አሸነፍኩት» ሊል አብደላን ከግሱ ጎን ያስቀምጠዋል። ይሄኔ ፈይሩዝ ደብተሩን ከፍ አድርጋ፣ «አብደላ በስንተኛ ዕጣ ደረሰህ?» ትለዋለች። በእንግሊዝኛው ከዚያ ግስ ጎን የሚቀመጠው ሰው ያገኘው ነገር ነውና፣ አብደላ የሎተሪ በግ ሆኖ ቁጭ ይላል። በግድግዳው በኩል ስሰማው ስለኖርኩ ትምህርቱን እኔም ብሰጠው አያቅተኝም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ግን ፈይሩዝ ክርክሯን ከሰሌዳው አውጥታ ፍርድ ቤት ወሰደችው። የከሰሰችው ወንድሟን ነበር።

ወንድሟ ዑመር ጨፋ ሮቢት አካባቢ የሚኖር ገበሬ ነው። አባታቸው ትተውት የሞቱትን መሬት ብቻውን ሲያርስ ኖሯል፤ ፈይሩዝም ድርሻዬን ብላ ጠይቃው አታውቅም። ኢክላስ የምትባል ልጅ አለችው፤ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ፈይሩዝ ለራሷ ልጅ አልወለደችም፤ ይህችን ልጅ ግን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታያት። በሄደች ቁጥር መጽሐፍ ትይዝላት ነበር። ታዲያ ዑመር ልጅቷን ከትምህርት አስወጥቶ ወደ ጅዳ ሊልካት ከአንድ ደላላ ጋር ተስማማ። ፓስፖርቱም ወጣ። ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ሃያ ሦስት ሆነች። ጉዞው ከዐረፋ በኋላ ነው ተባለ።

ፈይሩዝ ሄዳ ለመነችው። «አንቺ ደመወዝ አለሽ፤ እኔ ያለኝ ይህቺ መሬትና ይህቺ ልጅ ናቸው። የልጄን ነገር ለእኔ ተዪው» አላት።

ሰኞ ጠዋት የመምህራን ክፍል ገብታ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ባዶ እጄን ሄጄ ለመንኩት፣ አልሰማኝም። አሁን የሚፈልገውን ነገር ይዤ እሄዳለሁ» አለችኝ። «የመሬቱን ድርሻዬን በፍርድ ቤት አስፈርዳለሁ። ከዚያ መሬቱን ለእሱ፣ ልጅቷን ለእኔ።»

«የእናትሽን ልጅ ልትከሺ?»

«አዎ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል።»

ሰው ያሻውን አለ። መሬት አማራት፣ ደመወዝ አልበቃ አላት ተባለ። ደሜ ፈላ፤ ገበያ መሐል ከሁለት ሴቶች ጋር ተጣላሁላት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎች ቤቷ መጡ። በእኛ አገር ሽማግሌ ደጅሽ ቆሞ ክሱን ተይው ካለሽ ትተያለሽ፤ በተለይ በወንድም ላይ። አባ ሙሀመድኑር የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ለአላህ ብለሽ ተይው» አሏት።

«አባባ፣ እሱ ልጅቷን ይተው፣ እኔ መሬቱን ዛሬውኑ እተዋለሁ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ይህን ይዘው ወደ ዑመር ሄዱ። ዑመር እህቱ ጨክና እስከ መጨረሻው የምትሄድ አልመሰለውም፤ እምቢ አለ። እነሱም አዝነው ተመለሱ፤ ክሱም ቀጠለ።

አራት ወር ፈጀ። ውሳኔው የተነበበ ዕለት አብሬያት ነበርኩ። ድርሻዋ ይሰጣት ተባለ። ከችሎቱ ስንወጣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «ሪሁ፣ ሦስተኛው መስመር!» አለችኝ። ዐረፋ ሊደርስ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረን ጨፋ ሮቢት ወረድን።

ዑመር ከመቀመጫው አልተነሣም። «አካም ጂርታ» አለችው፤ ሰላምታዋን በግማሽ አፉ መለሰ። «ታኢ» ብሎ ዝቅተኛ ዱካ አሳያት፤ ተቀመጠች። ኢክላስ እጃችንን ልታስታጥበን ማንቆርቆሪያ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

ፈይሩዝ ወረቀቱን አወጣች። «ድርሻዬ ተፈርዶልኛል። እኔ መሬት አላርስም፤ አንተ እረሰው። ልጅቷ ግን እኔ ጋ ከሚሴ መጥታ ትማራለች። መሬቱ የአንተ፣ ልጅቷ የእኔ።»

ዑመር ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ» አለ። እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ኢክላስ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«እኔስ?» አለች። «አባቴ ለደላላ ሰጠኝ። አንቺ ደግሞ በመሬት ለወጥሽኝ። ጊደር ነኝ እንዴ? ማንኛችሁ ናችሁ እኔን የጠየቃችሁኝ?»

በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ፈይሩዝ መልስ ስታጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀስ ብላ ወረቀቱን አነሣች፤ ወደ ቦርሳዋ ልትመልሰው ነው ብዬ ነበር። ዑመር ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«መሬቱን እረስ። በምላሹ ምንም አልፈልግም» አለችው። ወደ ልጅቷ ዞረች። «ልክ ነሽ፣ አልጠየቅኩሽም። አሁን ልጠይቅሽ። እኔ ጋ መጥተሽ ትማሪያለሽ? እምቢ ብትዪም አክስትሽ ነኝ።»

«አላውቅም» አለችና ኢክላስ ወጥታ ሄደች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጮኽኩባት። አራት ወር የተመላለስንበትን፣ ስሟ የጠፋበትን፣ እኔ ገበያ መሐል የተጣላሁበትን ወረቀት እንደ ከረሜላ ሰጥታ መምጣቷ አንገበገበኝ። «ልጅቷን ሳይለቅልሽ መሬቱን እንዴት ትለቂለታለሽ?» አልኳት።

«ልጅቷ እያየችኝ ሌላ ምን ላድርግ?» አለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «መሬቱም ሄደ፣ ልጅቷም ሄደች። ተሸነፍኩ ሪሁ።» እስከ ከሚሴ ድረስ አለቀሰች። መስኮቱን ክፍት ነበር የተወችው፤ እኔም ልዝጋው አላልኩም።

ዐረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ፈይሩዝ ቤት የፈተና ወረቀት እያረምን ነበር። በሩ ተንኳኳ። ኢክላስ ናት፤ አጠገቧ ሻንጣ ተቀምጧል።

«አክስቴ፣ መጣሁ» አለች። «ያሸነፍሽኝ ግን እንዳይመስልሽ።»

ፈይሩዝ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «እንግሊዝኛውም አይፈቅድልኝም» አለቻት። «አባትሽስ ምን አለ?»

«ሂጂ አለኝ። ሻንጣዬን ሚኒባሱ ድረስ የተሸከመው እሱ ነው።» ከዚያ ከጉያዋ ፓስፖርቱን አወጣች። «ይሄ ግን በእጄ ይሆናል። አንድ ቀን ካስከፋችሁኝ እሄዳለሁ።»

ፈይሩዝ አልተከራከረችም። ከመደርደሪያው ትልቁን መዝገበ ቃላት አውርዳ መሐሉን ከፈተችላት። «እዚህ ውስጥ አስቀምጪው። ማንም አይነካብሽም» አለቻት። ልጅቷም በገዛ እጇ አስገባችው።

ሦስት ዓመት እዚያው ተቀመጠ። በእነዚህ ዓመታት አክስትና ልጅ ስንቴ እንደተጣሉ እኔ ምስክር ነኝ፤ ሁለቱም ግትር ናቸውና። በተጣሉ ቁጥር ኢክላስ ዓይኗን ወደ መደርደሪያው ትወረውር ነበር፤ ፈይሩዝም ታያታለች፣ ክርክሩን ትተዋለች። በትምህርቱ ግን ልጅቷ የዋዛ አልነበረችም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ አልሀምዱሊላህ፣ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ዘንድሮ ዑመር ከማሳው ሽንኩርት በኩንታል ጭኖ መጥቶ ደግሶላታል።

ባለፈው ሳምንት ሸኘናት። አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ ከፈይሩዝ ጋር ወደ ቤት ስንገባ መደርደሪያው ላይ መዝገበ ቃላቱ የለም። ይዛው ሄዳለች። ፓስፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አገልግሎቱ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ፈይሩዝ ደንግጣ ስልኳን አነሣች።

«ኢክላስ፣ ፓስፖርትሽን ረስተሽ ሄድሽ እኮ!»

ድምፁ ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

«አልረሳሁትም፣ አክስቴ» አለች።