የወንድሜ ኮት ያለበት መጽሐፍ

ይህ የሆነው ከኤርትራ ጋር ጦርነት በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬም መጻሕፍት መደብር ገብቼ ስለ ባህል የተጠና አዲስ መጽሐፍ ሳይ ልቤ ድንግጥ ይላል። መጽሐፍ የሚፈራ ሰው አለ ቢባል ትስቃላችሁ፤ እኔ አለሁላችሁ።

እናቴ በሞላሌ ዙሪያ ስሟ የታወቀ አልቃሽ ነበረች። ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ስለ ለቅሶ ሥርዓት የሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲ መምህር ቤታችን መጡ። ትሁት ሰው ነበሩ። ሬሳው ላልተገኘ ሰው እንዴት እንደሚለቀስ ማየት ፈለጉ።

በእኛ አገር ሬሳ ከሌለ የሟቹ ልብስ ወጥቶ ይለቀስበታል። እናቴም «ያለ ልብስማ ባዶ ሜዳ ላይ አላለቅስም» አለች። የሟች አባቴ ልብስ ለነፍሱ ተብሎ ለድሃ ተሰጥቷል። ጎረቤት እንዳይለመን፣ ለሟርት ልብሱን የሚያውስ የለም። የተገኘው ወንድሜ ውትድርና ሲገባ ትቶት የሄደው ኮት ብቻ ነበር።

«እማ፣ ኧረ ተይው ይቅር» አልኳት።

«አባትሽን እያሰብኩ ነው የማለቅሰው። ይህን ሁሉ አገር አቋርጠው መጥተው ባዶ እጃቸውን ይመለሱ?» አለችኝ።

ኮቱ ደጅ ተዘረጋ። ሴቶቹ መጀመሪያ ላይ ይሳሳቁ ነበር። እናቴ ግን ድምጿን ስታወጣ ግጥሟ ውስጥ አባቴ የለበትም፦

«ኮትህ እቤት ቀርቶ አንተ ከሄድክማ፣
ብርዱን በምን ቻልከው በሌት በጨለማ።»

ሳቁ ጠፋ። ሁሉም አለቀሰ። መምህሩም እያለቀሱ ጻፉ፤ ፎቶ አነሱ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ የወንድሜም ደብዳቤ ቆመ። እኛ በጭንቅ ሳለን መምህሩ የታተመውን መጽሐፋቸውን ለእናቴ በአውቶቡስ ላኩላት። ገለጥ ሳደርገው ኮቱ አለ። ከሥሩ «ሬሳው ላልተገኘ ወታደር የሚደረግ ለቅሶ» ይላል።

«ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት።

 መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ሳጥኑ ሥር ከተተችው። «ልጄ አልሞተም» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አላውቅም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው መጡ።

ያ ሁሉ ሰው የእናቴን ድምጽ ጠበቀ። ለስንቱ ልጅ ስትገጥም የኖረች ሴት ለራሷ ልጅ አንድ ቃል አጣች። ኮቱን ታቅፋ ተቀመጠች። ሰዉ ተጨነቀ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ «ያንን መጽሐፍ አምጪው» አለች። «የእሱን ለቅሶ ጨርሼዋለሁ። እዚያ ውስጥ ነው ያለው።»

አመጣሁት። በወንድሜ ለቅሶ ላይ ቆሜ፣ የእናቴን ግጥም ከታተመ ወረቀት አነበብኩ። እኔ ሳነብ ሕዝቡ ይቀበላል፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። እንደዚያ ቀን የከበደኝ ንባብ የለም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ በማንም ለቅሶ ላይ ድምጿን አላሰማችም።

መምህሩን አልወቅስም፤ ክፉ አላሰቡም። መጽሐፉም ጥሩ መጽሐፍ ነው ይላሉ፤ ተማሪዎች ይጠቅሱታል። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ አንዲት ጥያቄ ነበረቻት፦ «ያን ቀን ባላለቅስበት ኖሮ ይመለስ ነበር?»

«ኧረ እማ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም» እላታለሁ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ታውቂያለሽ» ትለኛለች። በማግስቱ እንደገና ትጠይቀኛለች።