ለስኳር ብዬ ነው የገባሁት

የታሪክ መታጠፊያ የሚባል ነገር አለ ብዬ አምኜ አላውቅም። መጻሕፍት ይወዱታል፤ ምዕራፍ ለመዝጋት ይመቻል። የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ሲወድቁ እኔ ሲያትል መሀል ከተማ፣ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ካለች አንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ቲኬት እሰጥ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ዓለም እንደ ቀድሞው አትሆንም ተባለ። በማግስቱ ግን ሰዎች ቲኬታችን ጠፋብን እያሉ እንደ ወትሮው ተከራከሩኝ።

የአሜሪካን ታሪክ ለማስተማር የተስማማሁት ይህን እምነቴን እንደያዝኩ ነው። የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት የተመረጡበት ሰሞን ነበር። ኤቨረት አውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠራ አንድ ጎልማሳ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ታነባለህ ይባላል» አለኝ፤ ስለ በሽታዬ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። «እማዬን ለሲትዝንሺፕ ፕሪፔር አድርጋት። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቨርታይም ነኝ፣ ሶ ቤት አልኖርም።»

ችግሩ እህቱ ነበረች። አዲስ አበባ ትኖራለች፤ አግብታ ወልዳለች። ያገባች ልጅን ለማምጣት እናትየው ዜጋ መሆን አለባቸው። ዜጋ ከሆኑ በኋላም ወረፋው ብዙ ዓመት ነው፤ ወረፋውን መያዝ የሚቻለው ግን ያ ወረቀት እጅ ሲገባ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ እየነዳሁ እነሱ ወደሚኖሩባት ፌደራል ዌይ ከተማ መሄድ ጀመርኩ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። ሳምንቱን ሙሉ የማወራው «መልካም ቀን» ከሚለኝ የመኪና መስኮት ጋር ነበር፤ እሱም መልሴን ሳይሰማ ይዘጋል።

የልጁን እናት እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደህና ሲሆኑ ልጄ፣ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ መምህር ይሉኛል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የዜግነት ፈተናውን መቶ ጥያቄ በካርድ ዘርግተን እንቀመጣለን። ከቤተ መጻሕፍት የተቀዳ ሲዲም ነበረን። አንዲት ሴት በጠራ እንግሊዝኛ ትጠይቅና ለመልስ የሚሆን ዝምታ ትተዋለች። ዝምታው ለእማማ ሁልጊዜ ያጥራል። መልሱ ሳይመጣላቸው ሴትዮዋ ወደሚቀጥለው ልታልፍ ስትል «ቆይ እስኪ!» ይሏታል፣ ጎረቤታቸውን እንደሚቆጡ።

ፈተናው የሚፈልገው አንድ ቃል ነው፤ እኔን ያናደደኝም ይኸው ነበር። የኢኮኖሚ ድቀቱ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ የጥቁሮች የእኩልነት ትግል፣ ሁሉም አንዳንድ መስመር ተሰጥቶታል። እኔ ደግሞ ካርዱን አንስቼ ከዚያ በፊት የነበረውን፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ያልተጻፈውን አስረዳለሁ።

«ያኔ ፕሬዚዳንት የነበረው ሰው ባንኮቹ ሲዘጉ…»

«ስሙን ብቻ ንገረኝ።»

«እማማ፣ ስም ታሪክ አይደለም።»

«አይሁና። ፈታኙ የሚጠይቀኝ ስሙን ነው። አንተን ሲፈትኑህ ይኸን ሁሉ አወራህ?»

እኔን ሲፈትኑኝ አሥር ደቂቃም አልፈጀም። አንድ አንድ ቃል መልሼ ወጣሁ። ይህን አልነገርኳቸውም።

አንድ ቅዳሜ የቀዝቃዛው ጦርነት ካርድ ደረሰን። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ዋነኛ ስጋት ምን ነበር? ኮሚኒዝም።

«እኛን ነበር የሚፈሩት?» አሉ እማማ ሳቅ ብለው። «እኛ ራሳችን ስንፈራ አልነበር እንዴ።»

እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ። ከዚህ የተሻለ ስለዚያ ዘመን የተጻፈ አላነበብኩም። ግን መምህር ነኝና ቀጠልኩ።

«እርስዎም እኮ የታሪኩ ተካፋይ ነዎት። የቀበሌ ሴቶች ማኅበር ውስጥ አልነበሩም?»

«ማን ያልነበረ አለ።»

«እንግዲያው ማኅበሩ የፓርቲው እጅ ነበር።»

«እጁ?»

«አዎ፣ እጁ።»

ካርዱን ገልብጠው አስቀመጡት።

የካቲት ላይ እማማ ካርዶቹን ሁሉ ያውቁ ነበር። ከሲዲዋ ሴት ቀድመው መመለስ ጀምረዋል። ልጃቸው ስልክ ደወለና «ደርሳለች? ማመልከቻውን ላስገባ?» አለኝ። መኪና ማቆሚያው ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ፣ ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፣ ቀኑ ሐሙስ ነበር። ቅዳሜ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል ብዬ አሰብኩ።

«ትንሽ ይቀራቸዋል» አልኩት።

መጋቢት ላይ ሲጠይቀኝም እንደዚያው አልኩ። ሚያዝያ ላይም። በሰኔ ልጁ ሰለቸውና ራሱ ሞልቶ አስገባው።

የቃለ መጠይቁ ቀን ልጃቸው ፈቃድ ስላላገኘ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ፈረንጅ ፊት ለመቅረብ ኮት ይሻላል ብለው ወስነዋል። እኔ አዳራሹ ውስጥ ቀረሁ። የያዝኩትን መጽሐፍ ግማሽ ያህል ካነበብኩ በኋላ ወጡ። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል፤ ወረቀት ይዘዋል።

መኪና ውስጥ ገብተን ተቀመጥን።

«ጥያቄዎቹን መለስኩ» አሉ። «ስድስት ስመልስ ሰውየው ይበቃል፣ ጎበዝ አለኝ። ከዚያ ቅጹን እያነበበ መጠየቅ ጀመረ። ሰክረሽ ታውቂያለሽ፣ ታስረሽ ታውቂያለሽ። ከዚያ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበርሽ፣ ወይም ከእሱ ጋር ግንኙነት ኖሮሽ ያውቃል አለኝ።»

«አይደለሁም አሉት መቼም።»

«አዎ አልኩት።»

የመኪናውን ቁልፍ ይዤ ቀረሁ። ቅጹ ላይ ልጃቸው «አይደለችም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ነበር።

«ምነው እማማ?»

«ምነው? አንተ አይደለህ የፓርቲው እጅ ነው ያልከኝ? ቀኝ እጄን አንስቼ እውነት እናገራለሁ ብዬ ከማልኩ በኋላ ልዋሽ?» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ብዕሩን አስቀመጠ። ደግ ሰው ነው፣ አልተቆጣም። ለምን እንደገባሽ ጽፈሽ አምጪ፣ እንደገና ትቀጠሪያለሽ አለኝ። ልጄን ምን እላታለሁ አሁን?»

ሌላ ሰው ስድብ ይጨምርበት ነበር። ሞተሩን አስነሥቼ ነዳሁ። የሰጠሁት ያ ሁሉ ማብራሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አመነበት፤ ያመነውም ሰው ከነልጁ ሜዳ ላይ ቀረ።

ማታውኑ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ከዘውዱ መውደቅ ጀመርኩ፤ ስለ ቀበሌ አመሠራረት፣ ስለ ማኅበራቱ አወቃቀር፣ ስለ ግዴታና ውዴታ ልዩነት ጻፍኩ። ሰባት ገጽ ሆነ፤ አሁንም ቢሆን መጥፎ ጽሑፍ ነው ብዬ አላምንም። እነሱ ቤት ወሰድኩት፤ ልጃቸው ቆሞ ሁለተኛውን ገጽ እስኪጨርስ ጠበቅሁት።

«ጋሼ፣ ይሄን ኦፊሰሩ ያነበዋል?» አለ።

እማማ ምድጃው ጋ ነበሩ። «ለስኳር ብዬ ነው የገባሁት በልና ጻፍ» አሉ ሳይዞሩ። «ማኅበር ያልገባች ኅብረት ሱቅ ደጅ ስትቆም ስሟ አይጠራም ነበር። ይኸ ልጅ ስኳር ሲያጣ ወተቱን አይጠጣም ነበር። ሌላ ምን አለው።»

በሚቀጥለው ቀን ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ሕጉን አገላበጥኩ። ለቀለብ ሲል የገባ ሰው እንደ አባል አይቆጠርም ይላል፣ በቁም ነገር። ስንት መጽሐፍ ያገላበጥኩበት ዘመን፣ ሕግ አውጪዎቹ አንዲት ስኳር ወረፋ ላይ የቆመች ሴት ትኖራለች ብለው ቀድመው አስበውበት ኖሯል። ሰባቱን ገጽ ትቼ አራት መስመር ጻፍኩ። አንድም ቃል የእኔ አልነበረም።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ያ ሰው አነበበና «ስኳር» አለ አሉ፣ ራሱን ነቅንቆ። ፈረመ።

ቃለ መሐላ በፈጸሙ በሳምንቱ ቅዳሜ ምሳ ጠሩኝ። የሴት ልጃቸው ማመልከቻ በፖስታ ሄዷል። ሌላ ሰው አልነበረም። ካርዶቹ በላስቲክ ታስረው ፍሪጁ ላይ ተቀምጠዋል። በልቼ ስጨርስ ነገርኳቸው፤ የካቲት ላይ ደርሰው እንደነበር፣ «ትንሽ ይቀራቸዋል» ያልኩት ውሸት እንደነበር።

የተረፈውን እንጀራ ሸፈኑ።

«አንተስ» አሉ፣ «በወረቀትህ ማንን አመጣህበት?»

ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የማብራራው ነገር ነበረኝ፤ እናቴ መሞቷን፣ ያልተሳካውን ትዳር፣ ያኔ የነበረውን ሁኔታ።

«ማንንም» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳህኔን አንስተው ወደ ማጠቢያው ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ።

«ልጄ ወረፋው ላይ እነዚያን አራት ወራት ከኋላ ትቆማለች» አሉ። «ይሁን። እግዜር ያውቃል። ኮትህን ልበስ፣ ዝናብ ነው።»

አትምጣ አላሉኝም። ደግሞ ናም አላሉኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄድኩም፤ ከዚያ በሚቀጥለውም።

ልጅቱ ከስንት ዓመት በኋላ መጣች፤ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ አይቻታለሁ፣ የእናቷን ክንድ ይዛ። ቲኬት የምሰጥባትን ክፍሌን አፍርሰው በቦታዋ ማሽን ተክለዋል፤ እሱም «መልካም ቀን» ይላል። የጥያቄዎቹ ሲዲ ግን መኪናዬ ውስጥ ቀርቷል። አንዳንዴ ሬዲዮ ስነካ በስህተት ይነሣል። ሴትዮዋ በጠራ እንግሊዝኛዋ ትጠይቅና ለመልስ የሚሆን ዝምታ ትተዋለች። መልሱን አውቀዋለሁ። ዝም ብዬ እነዳለሁ፤ «ቆይ እስኪ» የሚላት ስለሌለ ወደሚቀጥለው ታልፋለች።