መርፌ የተወጋችው በቅሎ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። አንድ የጋሪ ፈረስ ደረቱን ቆርቆሮ ቀዶት ቆሟል። ወጣት የእንስሳት ሐኪም አንገቱ ላይ መርፌ ወጋችውና ወደ ሰዉ ዞራ፣ «እባካችሁ ዝም በሉልኝ። የተኛ ይመስላል እንጂ ይሰማል» አለች። ባለባጃጆቹ ሳይቀሩ ሞተራቸውን አጠፉ። ፈረሱ ቀስ በቀስ አንገቱን ደፋ፤ የታችኛው ከንፈሩ ተንጠለጠለ። እሷም ቁስሉን መስፋት ጀመረች።

ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ እስክትጨርስ ቆየሁ። እጇን ስትታጠብ የመድኃኒቱን ስም ጠየቅኋት።

«ዛይላዚን ይባላል፣ እማማ» አለችኝ። ፍጥረት ሲደነግጥ ሰውነቱ አድሬናሊን የሚባል ነገር ይረጫል አለች፤ ይህ መድኃኒት የዚያ ዘመድ መስሎ አእምሮ ውስጥ ይገባና «ይበቃል፣ አትርጭ» ይለዋል። አመስግኛት መንገዴን ቀጠልኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ስሙን ሳላውቀው ነው የኖርኩት።

ነገሩ የሆነው ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የምማረው ደብረ ብርሃን ነበር፤ የወላጆቼ ቤት ግን አንኮበር ነው። ለታላቅ እህቴ ለአስካለ ሠርግ በጥር ወር እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ሄድኩ። ገብሱ ተወቅቶ ስለ ገባ ማሳው ሁሉ ባዶ ነበር፤ ንፋሱ ያለ ከልካይ ይመጣና ፊት ይልጣል። ቤት ስደርስ የጌሾና የብቅል ሽታ ከደጅ ተቀበለኝ። አስካለ ጓዳ ተቀምጣ እጇን እንሶስላ ትሞቅ ነበር። እግረ ቀላል ነበረች። ገደሉን ወርዳ አሊዩ አምባ ገበያ ውላ፣ በርበሬና ጨው ተሸክማ በዚያው ቀን ዳገቱን ትመለሳለች። እኔ ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ ስል ትስቅብኝ ነበር።

በአገራችን ወግ ሙሽራይቱ የምትሄድበትን በቅሎ የሚያመጣው የወንዱ ወገን ነው። የሙሽራው አባት አቶ ወልደየስ አዲስ በቅሎ ገዝተው ነበር። ስለ ቁመቷና ስለ ቁንጅናዋ ከሠርጉ በፊት ብዙ ተወራ። ያልተወራው አለመገራቷ ነው።

ሠርገኛው ሲደርስ በቅሎዋን ሦስት ጎረምሶች ይዘው እየተጎተቱ ነው የመጡት። ኮርቻውን ገና ስታይ ትራገጣለች። አባቴ ነገሩን አይቶ፣ «ከጎረቤት አንዲት ረጋ ያለች አሮጊት በቅሎ አለች፤ ላስመጣ» አለ።

«በውሰት በቅሎ ምራቴን ልውሰድ? ምን ጎድሎብኝ!» አሉ አቶ ወልደየስ።

ለካ አስበውበት ኖሯል። ከዘመዶቻቸው አንዱ የከብት ሐኪም ነው፤ ለሠርግ ሲመጣ ሳጥኑን ይዞ ነበር። የበቅሎዋን አንገት ወጋና ሁላችንም እየሰማን እንዲህ አለ፦

«ይህ መርፌ ፈረስ ሲሰፋ ወይም ሰኮናው ሲታከም የምንሰጠው ነው። ሰው አስቀምጠንበት አናውቅም። ጆሮዋ ይሰማል፤ ድንገት ከደነገጠች ከበፊቱ ትብሳለች። ተኩስም እልልታም ይቅር።»

«ሙሽራ ነው የምንወስደው ወይስ ሬሳ?» አሉ አቶ ወልደየስ። «ለሬሳም እኮ ይጮኻል!»

ሰው ሳቀ። ሐኪሙም አብሮ ሳቀና ወደ ዳሱ ገባ፤ ጠላ ቀረበለት።

በቅሎዋ ጥቂት ቆይታ አንገቷን ደፋች፤ ዓይኗ ግማሽ ተከደነ። አንዲት አሮጊት፣ «ኧረ መነኮሰች!» አሉ፤ እንደገና ተሳቀ። ሚዜዎቹ አስካለን ተሸክመው አወጧት። ካባው ላይዋ ላይ ተደራርቦ፣ ፊቷ ተሸፍኖ፣ ኮርቻው ላይ አስቀመጧት። እናቴ እልል እንዳትል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። የእናቴ እህቶችም እሷን አይተው ዝም አሉ። ከደጃችን እስከ ቁልቁለቱ ጥግ ድረስ በዝምታ ሄድን፤ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነበር።

ዝምታው ያሳፈራቸው አቶ ወልደየስን ነው። ጎረቤት በየአጥሩ ቆሞ ያያል። «እንዲህ ያለ ሠርግ አላየሁም!» አሉና ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ተኮሱ። የወንዱ ወገን ሴቶች እልልታውን ለቀቁት።

በቅሎዋ ደንብራ ዘለለች፤ ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደ መጣላት አላውቅም። እህቴ ካባው ጠምጥሟት እጇን እንኳ መዘርጋት አልቻለችም። የወደቀችው በእርከኑ ድንጋይ ላይ ነው።

የተሰበረው ዳሌዋ ነበር። ወጌሻ አሰረው፤ በኋላ ሆስፒታል ስንወስዳት ጠሞ ገጥሟል አሉን። ይህ ከመታወቁ በፊት ግን የአቶ ወልደየስ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አስካለ መደብ ላይ ተኝታ እየሰማች፣ ጋብቻው መቅረቱን በጥሩ አማርኛ አስረዱ። ዓይን ነው አሉ። የሙሽራውን ደጃፍ ሳትረግጥ የወደቀች ሙሽራ ገድ የላትም አሉ። ሙሽራው ታደሰ ከመካከላቸው ተቀምጦ ነበር፤ ጉልበቱን ሲያይ ቆይቶ ሄደ። መርፌ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም።

ሲወጡ እህቴ፣ «አባዬ፣ መርፌውን ለምን አላነሣህም?» አለችው።

«አይተህ ዝም አልክ ቢሉኝስ?» አለ አባቴ። ከዚያ በኋላ በሕይወት እስካለ ድረስ ስለዚያ ቀን አልተናገረም።

ታደሰ ከፋሲካ በኋላ ሌላ አገባ። ሙሽራይቱ የሄደችው በዚያችው በቅሎ ነበር አሉ። እስከዚያ ድረስ ረጋ ብለው፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጫኑ ገርተዋት ኖሯል።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ደብረ ብርሃን ሥራ ስይዝ አስካለን ወደ እኔ አመጣኋት። አብረን አረጀን። በከዘራ ትሄዳለች፤ ዳገት አትሞክርም። ሠርግ ስንጠራ እኔ እሄዳለሁ፤ እሷ ቤት ትጠብቃለች፤ ምን እንደ ተበላ ትጠይቀኛለች፣ ሌላ አትጠይቅም። ስለዚያ መድኃኒት ሳስብ የምጠላው እሱን አልነበረም። ለሚሰፋ ፈረስ ምሕረት ነው፤ ባለፈው ሳምንት መናኸሪያው አጠገብ በዓይኔ አየሁት። ሰው አንድ ነገር ከክብሩ የሚያሳንሰው ሲመስለው የሚያደርገውን ግን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ አባቴንም ጨምሮ።

ፈረሱ የተሰፋ ዕለት ቤት ገብቼ ያየሁትን ነገርኳት። አስካለ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች ምስር ትለቅም ነበር።

«ዝም በሉ ስትላቸው ሰዎቹ ዝም አሉ?» አለችኝ።

«አሉ፣ እትዬ። ባጃጆቹም ጭምር።»

ከምስሩ ላይ አንድ ጠጠር አንሥታ ወደ ግቢው ወረወረች።

«እንግዲያው ይቻል ነበር» አለች።